በአዲስ አበባ ዙሪያ አራት ቀን፦ ሙሴ ኢልግ ያለፈባቸው ኬላዎች

ይህ ጉዞ ከተማዋን አይገባባትም፤ ዳር ዳሯን ይዞራታል። በምሥራቅ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ፣ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ በሆለታ በኩል አዲስ ዓለም፣ በደቡብ አቃቂ። ማታ ማታ ወደ ቤት መመለስ ስለሚቻል ማደሪያ መያዝ አያስፈልግም። ተራውን ማፋለስ ግን አያዋጣም፤ አራቱ አቅጣጫዎች በዚህ ቅደም ተከተል ሲኬዱ የአንድ ሰው ዕድሜ ይሆናሉና።

ሰውየው አልፍሬድ ኢልግ ነው። በ1854 በስዊዘርላንድ፣ ፍራውንፌልድ ተወለደ፤ ዙሪክ ምህንድስና ተማረ፤ እንጀራ ፍለጋ ሸዋ ድረስ መጣ። መጀመሪያ ባለ እጅ፣ ቀጥሎ ነጋዴ፣ ከዚያ የባቡር ኮንሴሲዮን (ባቡር የመሥራት መብት) ባለቤት፣ በ1897 ደግሞ በሚኒስትር ማዕረግ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። አገሬው ሙሴ ኢልግ ይለው ነበር። ከነጋዴነት ወደ ሹመት የተሻገረ ስደተኛ በዚያ ዘመን እሱ ብቻ አልነበረም፤ እንደሱ ረጅም ጊዜ የቆየ ግን ጥቂት ነው። ያቆየውም መጨረሻ ላይ የጣለውም አንድ ነገር ይመስላል፦ ሻጭም ገዢን መካሪም ሆኖ በአንድ ወንበር መቀመጡ። የዚህን ፍንጭ በየመንገዱ እናገኘዋለን።

የታሪኩ ዘመናት ከነወራቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ለሐበሻው ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው።

ለስንቅ፦ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ዝርዝር ብር (ትልልቁ ኖት ብዙ ቦታ መልስ ያሳጣል)፣ መታወቂያ፣ የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ካልሲ። ካልሲው ለቤተ ክርስቲያን ወለል ነው፤ እንጦጦና አዲስ ዓለም ጫማ ሲወልቅ ድንጋዩ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። መታወቂያው ለኬላ ነው። ኬላ ዛሬም አለ፤ የሚፈተሸው ነገር ተለወጠ እንጂ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመነሣት በፊት እዚያው አካባቢ ለሚኖር ሰው ደውሎ መጠየቅ ልማድ ይሁን። ጥሩው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፍ አጨዳው ሁሉንም መንገድ ያሳምረዋል።

አንደኛ ቀን፦ ለገጣፎና ሰንዳፋ

ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ ሚኒባስ አይጠፋም። በቀጥታ ሰንዳፋ ለሚሄድ ላምበረት መናኸሪያ ይሻላል። ደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍሮ ሰንዳፋ «ወራጅ አለ» ማለት ግን ከረዳት ጋር ያጣላል፤ ወይ ሙሉ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ወይ መቀመጫውን ለሩቅ መንገደኛ ብሎ ይከለክላል። የአጭር መንገዱን መኪና መጠበቅ ነው። ሰንዳፋ ከከተማው 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ፀሐዩ ሳይበረታ ይደርሳል።

ለገጣፎ የጅምር ፎቅና የግቢ በር አገር ሆናለች። በሐበሻው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እሷም ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ሸገር ከተማ በሚባለው የኦሮሚያ ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጉዞ አራቱም ቀን ኦሮምኛ ይሰማል፤ «አካም ቡልተን» ብሎ ጠዋት ሰላም ማለትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ሻይ ቤት ውስጥ ፊትን ያፈታል። ጣፎን ካለፉ በኋላ ሜዳው ይከፈታል፤ ጤፍና ስንዴ፣ ጥግ ጥጉን ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፉን ከዓይን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ኢልግ ሲመጣ አልነበረም።

ኢልግ ከዙሪክ የተነሣው በ1878 ነው። ንጉሥ ምኒልክ ባለ እጅ ፈረንጅ ፈልገው ነበር፤ መልእክቱ ዓደን ላይ በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል ዞሮ እሱ ዘንድ ደረሰ። ከሁለት የአገሩ ሠራተኞች ጋር አንኮበር የገባው በ1879 መጀመሪያ ነው። ሰንዳፋ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ሲታይ አስፋልቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ያ ነው፤ አንኮበር ከደብረ ብርሃን ተገንጥሎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል።

ከባሕር ጠረፍ እስከዚህ ዕቃ ማምጣት በሁለት ዓይነት እንስሳ የሚሠራ ሥራ ነበር። ቆላውን ግመል፣ ደጋውን በቅሎና አህያ። ግመል ዳገቱን የማይወጣው በስንፍና አይደለም፤ የእግሩ መዳፍ ለአሸዋ የተሠራ ስለሆነ እርጥብ ጭቃ ላይ ያንሸራትተዋል፣ ሹል ድንጋይ ይበሳዋል፣ ብርዱም ይጥለዋል። ስለዚህ ጭነቱ ከቆላው ወደ ደጋው ሲዘልቅ ይፈታና በበቅሎ ልክ እንደገና ይታሰራል። የበቅሎ ጭነት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይዞራል፤ ጀርባው ይላጣል፤ ጀርባው የተላጠ በቅሎ ደግሞ ለሳምንታት ከሥራ ውጭ ነው። የጠብመንጃ ሣጥን ረጅም በመሆኑ ለዚህ የማይመች ዕቃ ነው። ማሽን ከመጣ በየክፍሉ ተፈታትቶ ነው፤ ያልተፈታውን ሰው ይሸከመዋል።

ከዚያ ኬላ አለ። በየባላባቱ ወሰን ላይ ቀራጭ ይቀመጣል፤ ሲራራው ነጋዴ በደረሰበት ሁሉ ይከፍላል። የንጉሥ ዕቃ ግን አይቀረጥም። የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፦ ሁሉም ጭነት የንጉሥ ዕቃ ይሆናል። ፈረንጁ ነጋዴ ከቤተ መንግሥት ደብዳቤ የሚፈልገው ለክብር ሳይሆን ለዚህ ነበር። ፖለቲካ ለእሱ የጀመረው እዚያ፣ ከቀራጩ ፊት ነው።

አንኮበር ከደረሰ በኋላ ያለው ሥርዓት ደግሞ ይህን ይመስላል። ነጋዴው መጀመሪያ ከተራራው ግርጌ አልዩ አምባ ያርፋል፤ የነጋዴው ከተማ እሱ ነው። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቀንድ የተሞላ ዝባድ የሚገናኙት እዚያ ነው። እጅ መንሻውን ይልካል። ባልደራባ ይሰጠዋል፤ ያለ ባልደራባ ቃሉ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ከውስጥም አይወጣለትም። ድርጎ ይታዘዝለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ። ከዚያ ደጅ ይጠናል። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚሳሳተው፦ ድርጎው ሲመጣለት ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ድርጎ ማለት «ቆይ» ማለት ነው። ወር የጠበቀ አለ፤ ዓመት የጠበቀ አለ፤ ዕቃው በኪራይ ቤት ምስጥ የበላበትም አለ።

ኢልግን ከደጅ ጥናት ያዳነው እጁ ነው። ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሰፋ ነበር ይባላል፤ ሰፋ። ቀጥለው ጠብመንጃ ሥራ አሉት፤ ከውጭ የገባው እንደሚሻል ተናግሮ ቢከራከርም ሠራ። ተረት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የፈተናውን መንገድ በትክክል ያሳያል። ንጉሡ ማወቅ የፈለጉት ሰውየው የታዘዘውን መሥራት መቻሉን ነው እንጂ ምን እንደተማረ አይደለም። አማርኛም ተማረ። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ሀብቱ ነው፤ አስተርጓሚ ያለው ነጋዴ የሚሰማው ሁልጊዜ ከሌላው ሰው አፍ የተረፈውን ነው።

ከሰንዳፋ ለመመለስ ከ10 ሰዓት በፊት መንገድ ዳር መቆም ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛ ቀን፦ እንጦጦ

ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም። ሚኒባሱ ዳገቱን በሃያ ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል። በእግር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ከተማው 2,400 ሜትር ላይ፣ እንጦጦ ከ3,000 በላይ ነውና ልብ ቶሎ ይመታል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ካለ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሆን ብሎ ማዝገም ነው። ራስ ምታት ከጀመረ ውኃ ጠጥቶ መቀመጥ፤ ካልተወ መውረድ። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ጫካው ውስጥ ብቻን መግባት ጥሩ አይደለም፤ ለጅቡም ለሌባውም ሲባል። በ2020 የተከፈተው ፓርክ አካባቢ ግን ሰው አይጠፋም። ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚሄድ ሰው ካሜራውን ኪሱ ውስጥ ያቆየው፤ ታማሚ አይነሣም።

እየወጡ ሳለ የሚወርዱትን ማየት አይቀርም፦ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ጭነት፣ ወገባቸው ታጥፎ። ስለ እንጦጦ ታሪክ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ማገዶ ካልሆነ ጎደሎ ነው። ንጉሡ እዚህ የሰፈሩት ለምሽግነቱ ነው። አቀማመጡ ጠላት የሚታይበት ቢሆንም ብርዱና ውኃ ማጣቱ አላስቀመጠም፤ የእንጨቱም ነገር እንዲሁ። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ፍል ውኃ አጠገብ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከተማው ቀስ በቀስ ወደታች ተንሸራተተ። ያም ሆኖ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት በኅዳር 1889 እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥት ገብቶ ማየት ያስደንቃል፤ የሚያስደንቀው ግን ትንሽነቱ ነው። ጭቃ ምርግ፣ ኖራ ቀለም፣ የእንጨት ምሰሶ። የአፍሪካን ትልቁን ድል ያዘዙ ሰው ቤት ከዛሬው ለገጣፎ ቪላ የአንዱን ሳሎን አያክልም።

በዚህ ኮረብታ ላይ ነው ኢልግ ነጋዴ የሆነው። በ1887 የካቲት ላይ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ በአገሩ ባለቅኔ የነበረው፣ ሁለት ሺህ ገደማ ጠብመንጃ ይዞ ሸዋ ገባ። ሸሪኩ ሞቶበታል፤ የሟቹ ባለ ዕዳዎች ከየአቅጣጫው ተሰብስበውበታል። ንጉሡ ከጠበቀው በጣም ያነሰ ዋጋ ቆረጡለት፤ እሱንም ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። ራምቦ ተበድያለሁ ብሎ ብዙ ጽፏል። ነገር ግን ነገሩን በብር ክብደት ማስላት ይበጃል፦ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ነው። ሦስት ሺህ ብር 84 ኪሎ ይሆናል፤ ለአንድ በቅሎ ሙሉ ጭነት። ጥሬ ብር ከዚህ ወደ ባሕር መጫን ማለት በቅሎ፣ ጠባቂና ሽፍታ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍያ በዝሆን ጥርስ ወይም በሌላ ከተማ በሚመነዘር ወረቀት ሲሆን ሁሌም ማጭበርበር አይደለም።

ራምቦ ከዓመት በኋላ ሐረር ሱቅ ከፍቶ ተቀመጠ፤ ኢልግ ደግሞ የሸዋ ተቀባዩ ሆነ። እስከ 1891 ድረስ ተጻጽፈዋል። ደብዳቤዎቹ የገበያ ትምህርት ናቸው። ራምቦ ያልተሸጠለትን ሁሉ ወደ ሸዋ ይሰዳል፤ መቁጠሪያና መስቀል ሳይቀር፣ የኪስ ማስታወሻ ደብተር ሳይቀር። ኢልግ እየሳቀ ይመልስለታል፦ መጻፍ ለማያውቅ ሰው ደብተር ሽጥልኝ ማለት ከመጠን ያለፈ ጥያቄ ነው፤ መቁጠሪያውም ለዚህ አገር ክርስቲያን የሚሆን አይደለም። ያልገባው ዕቃ ምን ያስከትላል? የመጋዘን ኪራይ፣ የታሰረ ገንዘብ፣ በመጨረሻም በኪሣራ መሸጥ። ኢልግ ደንበኛውን ያውቅ ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደንበኛ ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

ከማርያም በታች ከተማው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ማየት ያስፈልጋል። የአራት ኪሎው ኮረብታ፣ የታላቁ ቤተ መንግሥት ቦታ፣ ይለያል። በመካከል ሸለቆ አለ። በ1894 ገደማ ኢልግ ከእንጦጦ ጥግ ምንጭ ጠልፎ፣ በቧንቧ ሸለቆውን አሻግሮ፣ ውኃውን ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ አወጣው። ውኃ ዳገት ይወጣል ብሎ ማን ያምናል? ብዙዎች አላመኑም። ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ ምንጩ ከመውጫው ከፍ እስካለ ድረስ ቧንቧው መሀል ላይ የቱንም ያህል ቢወርድ ውኃው መልሶ ይወጣል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በየአሥሩ ሜትር ጥልቀት የአንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመራል፤ ሸለቆው 50 ሜትር ከወረደ ከታች ያለው መጋጠሚያ አምስት እጥፉን መቻል አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ መስመር የሚፈነዳው ከታች ነው፤ ሲዘጋ ግን የሚዘጋው ከጉብታው ነው፣ አየር እዚያ ስለሚታቆር። ሦስተኛው ጠላት ከመግቢያው ላይ የሚገባ ቅጠልና አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንፊቱን ያላጸዳ ሰው በሐምሌ ውኃ ያጣል። ከዚህ በፊት በ1886 አዋሽ ላይ ድልድይ ሠርቷል፤ በቤተ መንግሥቱም ግንባታ እጁ አለበት። ነገር ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ስሙን የተከለው ይህ ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚታይ ነገር ነዋ፤ ባለሟሉም ገበሬውም በዓይኑ አየው።

በዚያው ዓመት፣ 1894፣ ሌሎች ሁለት ነገሮች በፓሪስ ተሠርተው መጡ፦ የምኒልክ መልክ ያለበት ብርና የመጀመሪያው ቴምብር። በሁለቱም የኢልግ እጅ አለበት። ቴምብሩ ተሳካ። ብሩ ግን ከማርያ ቴሬዛው ጋር እኩል ቢመዝንም ገበያው ለረጅም ጊዜ «የለመድኩትን ስጠኝ» አለ። ማኅተምና ገበያ ለየብቻ ናቸው።

ሲመለሱ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ለመግዛት ያሰበ፣ ከተራራው ከመውጣቱ በፊት ሳይሆን ከወረደ በኋላ ይግዛ፤ ነጭ ልብስ ይዞ እንጦጦ መውጣት ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ ቀን፦ ሆለታና አዲስ ዓለም

ይህኛው ቀን ማለዳን ይፈልጋል። ከአስኮ መናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያልተነሣ ሰው ቡራዩ ላይ ተሰልፎ ይውላል። ገፈርሳን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፎ አዲስ ዓለም 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆለታ በመልሱ ይሻላል፤ የወተት አገር ስለሆነች እርጎና አይብ እየበሉ ማረፊያ ትሆናለች። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ግን ጾም ነው፤ ሽሮና በያይነቱ ይጠብቃል። ሆለታ ውስጥ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ የጦር ትምህርት ቤት ነው፤ በ1934 በስዊድን መኮንኖች የተጀመረው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ቦታ። ወታደራዊ ግቢ ስለሆነ ከአጥሩ ወዲህ እንኳ ፎቶ አይነሣም፤ ስልክ ማውጣቱ ራሱ ያስጠይቃል።

አዲስ ዓለም ለመኖር አስቦ ሳይኖር የቀረ ዋና ከተማ ነው። በ1900 አዲስ አበባ እንጨት አለቀባት፤ ምኒልክ ወደዚህ ለመዞር ቆረጡ፤ ቤተ መንግሥትም ተጀመረ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ዛሬ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ወር በገባ በ21 የሄደ ሰው ሥርዓቱን በሙሉ ያያል፤ ሙዚየሙን ተረጋግቶ ለማየት ግን ሌላ ቀን ይሻላል። የኅዳር ጽዮን ዕለት ደግሞ መንገዱ ከሆለታ ጀምሮ በሕዝብ ይሞላል፤ መኪና ይቆማል፣ ሰው ይራመዳል።

ዝውውሩ ለምን ቀረ? አዲስ አበባን ሁለት ነገር አዳናት ይባላል፤ ባሕር ዛፍና መንገድ። ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ አጋማሽ ገብቶ ነበር። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ለመቆረጥ ይደርሳል፤ ጉቶውም ደግሞ ያቆጠቁጣል። ማለትም ከተማው መሄጃ ሲፈልግ ችግኙ ደርሶ ነበር። መንገዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም በድንጋይ ተደልድሎ ተሠራ፤ ለአዲሱ ከተማ የታሰበው መንገድ ለአሮጌው ከተማ እንጨት ማመላለሻ ሆነ። የውጭ ሌጋሲዮኖችም (የዚያ ዘመን ኤምባሲዎች) አዲስ አበባ ላይ ቦታ ተመርተው ነበርና የሚንቀሳቀሱበት ፍላጎት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ከኢልግ ወጣ ብሎ ሌሎቹን ስደተኞች ማየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የእሱ መንገድ ብቸኛ ይመስላል። ሩሲያዊው ሊዮንቲየፍ በ1897 የምድር ወገብ አውራጃዎች ገዢ ተብሎ ተሾመ። ካርታ ላይ ሰፊ ነበር፤ ግዛቱን ግን ብዙም ሳይዘው ከእጁ ወጣ። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በ1904 በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መደልደያ መኪና አስመጣ፤ አዲስ አበቤው «የሰርኪስ ባቡር» አለው፤ ስሙ ማሽኑ ካረጀ በኋላም ቀረ። ኢልግ አውራጃ አልጠየቀም። የያዘው ደብዳቤ መጻፊያውን ነው። የውጭ መልእክተኛ ሲመጣ የሚቀበለው እሱ፣ ውል ሲረቀቅ የሚያነብበው እሱ ሆነ። ከአድዋ በኋላ ሌጋሲዮኖቹ ሁሉ ለማነጋገር የሚሹት ቀድሞ እሱን ነበር። ገዢ ሊሻር ይችላል፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅን ሰው መሻር ግን ያስቸግራል።

ከአዲስ ዓለም እስከ 9 ሰዓት መልቀቅ ነው። ከአምቦ የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ስለሚያልፉ ሆለታ ድረስ በአጭር ተሳፍሮ፣ እዚያ መቀየር ይቀላል።

አራተኛ ቀን፦ ቃሊቲና አቃቂ

ቀላል ባቡሩ የሚሠራ ከሆነ እስከ ቃሊቲ በእሱ፣ ካልሆነ ከሳሪስ በሚኒባስ። ከቃሊቲ አቃቂ ቅርብ ነው። ክረምት ከሆነ ጫማ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሜዳው ዋልካ ነው። ዋልካ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። ይህን አፈር የሚያውቅ ሰው ሐዲድ ከሥሩ ለምን ወፍራም ጠጠር እንደሚነጠፍለት ይገባዋል፦ ጠጠሩ ውኃውን ካላስወጣ አፈሩ ሲያብጥ ሐዲዱን አንድ በኩል ያነሣዋል፣ ሲደርቅ ያሰምጠዋል፣ ሁለቱ ዘንግ እኩልነታቸውን ያጣሉ። አሮጌው ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነበር። ከ2016 ወዲህ ያለው የኤሌክትሪኩ ባቡር መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱ አይገናኙም፤ አዲሱ ወደ ለቡ ይሄዳል። አቃቂ ውስጥ የድሮውን መስመር ለሚፈልግ ለዕድሜ ጠገብ ሰው «ድሮ ባቡር ጣቢያው የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከካርታ ይሻላል። «አባባ» ብሎ ጀምሮ፣ ሰላምታውን ሳያሳጥሩ።

አሁን ዋናው ነገር። መጋቢት 9 ቀን 1894 ምኒልክ ለኢልግ የባቡር ኩባንያ የማቋቋም መብት ሰጡት፤ ለ99 ዓመት። ውሉ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ አባይ። ሸሪኩ ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ነበር። ኩባንያው በ1896 ተቋቋመ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ ኢልግ የመንግሥት አማካሪ የተባለበት ዓመት ነው። ስለ ባቡሩ ንጉሠ ነገሥቱን የሚመክረው ሰው የባቡሩ ባለ መብት ነው። ያኔ ማንም አላጉረመረመም፤ ባቡሩ እስከሄደ ድረስ ጥቅሙ የሁለቱም ነበር።

መጀመሪያ የከዳው ተራራው ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ናት፤ ባቡር ደግሞ ዳገት ይፈራል። መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው ሄደ፤ በ1902 መጨረሻ ጅቡቲን ከአዲስ ሐረር አገናኘ። አዲስ ሐረር ያሏት ድሬዳዋ ናት። ቀጥሎ የከዳው ገንዘብ ነው። ኩባንያው ያሰበውን ያህል አክሲዮን አልሸጠም፤ ጉድለቱን ሊሞሉ እንግሊዞች ገቡ፤ ፈረንሳይ ይህን አልወደደችም። በየካቲት 1902 የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ውል ፈረመ፦ በዓመት 500,000 ፍራንክ፣ ለ50 ዓመት፤ በምላሹ ኩባንያው በፈረንሳይ መንግሥት ቁጥጥር ሥር ገባ። ምኒልክ አልተጠየቁም።

እዚህ ላይ የኢልግ ሁለት ወንበር ተሰነጠቀ። በነጋዴነቱ ገንዘቡ ሲመጣ ደስ ሊለው ይገባል፤ ያለ እሱ ኩባንያው ይከስራል። በአማካሪነቱ ደግሞ የሌላ መንግሥት እጅ በአገሩ መንገድ ላይ ሲያርፍ ዝም ማለት አይችልም። ንጉሠ ነገሥቱ መስመሩ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ከለከሉ። ሐዲዱ ለዓመታት እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ኩባንያውም ተንኮታኮተ። በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ስለ ኢትዮጵያ የሦስትዮሽ ውል ሲፈራረሙ የባቡሩ ነገር ከውስጡ ነበር። ኢልግ በዚያን ጊዜ ገደማ አገልግሎቱን ትቶ ወደ ዙሪክ ተመለሰ። ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ነበር። ፎቶግራፎቹንና የሰበሰባቸውን ዕቃዎች ይዞ ሄደ፤ ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

የተካው ማን እንደሆነ ማየት ነገሩን ያጠራዋል። በ1907 ምኒልክ የመጀመሪያውን የሚኒስትሮች ጉባኤ ሲያቋቁሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያደረጉት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን ነው፤ የነጋዴ አለቃውን። ንግዱና የውጭ ጉዳዩ አሁንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለ ጠረጴዛው ግን የአገር ሰው ሆነ። የባቡሩ አዲስ መብት በጥር 1908 የተሰጠው ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ነው፤ ከጓድሎፕ ደሴት የመጣ ሌላ ስደተኛ። በዚያው ወር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የፈረንሳይን ዕቃ ቀረጥ ከመቶ አሥር ላይ ወሰነ፤ የፈረንሳይ ዜጎችንም በቆንስላቸው ፊት እንዲዳኙ አደረገ። ኢልግ ጫማ እየሰፋ፣ ደጅ እየጠና ያገኘውን ጥበቃ ከዚህ በኋላ የመጣ ነጋዴ በፓስፖርቱ አገኘው።

አቃቂ ወንዝ ዳር ለመውረድ ማለዳ ነው የሚሻለው፤ ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ፍሳሽ ሽታ ያይላል። ምሳ ለአሽከርካሪዎች በሚያበስሉት ቤቶች መብላት ነው፤ ከባድ መኪና የቆመበት ቤት ምግቡ ትኩስ ነው።

ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1915 ነበር። ለአዲስ አበባ 23 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ኢልግ በጥር 1916 ዙሪክ ሞተ። የመጀመሪያው ባቡር ለገሃር የገባው በ1917 ነው።

ለዚችው 23 ኪሎ ሜትር ዛሬ ከአቃቂ ሚኒባስ ይያዛል፤ ሳሪስ ላይ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ከ11 ሰዓት በኋላ የከባድ መኪናው ሰልፍ ከቃሊቲ ስለሚጀምር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከ10 ሰዓት በፊት የተነሣ ለገሃር ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል።